የጋሽ ባልዲ ምስማር

በፋብሪካው በር ላይ ቆሞ በመዝገብ ስሙ የጠየቀ ሰው ቢኖር ዘበኛው «እንዲህ የሚባል ሠራተኛ የለንም» ብሎ በመለሰው ነበር። «ጋሽ ባልዲን ፈልጌ» ያለ እንደ ሆነ ግን ዘበኛው ከነዱላው ተነሥቶ እስከ ማቅለሚያው ክፍል ድረስ ይሸኘዋል። ስሙን ያወጣለት ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። እሱም ቢሆን ቅጽል ስም መሆኑን የረሳው ይመስለኛል፤ ቤቱ ሄጄ በሩን ሳንኳኳ ሚስቱ ከውስጥ «ባልዲ፣ ሰው መጥቷል!» ስትለው ሰምቻለሁ።

አጭር ሰው ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጉልበቱ አሮጌ። ክንዶቹ ከጥፍሩ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ ክር በሚነከርበት ገንዳ አጠገብ ስለ ቆመ ቀለሙ ከሥጋው ጋር ተዛምዶ ሳሙና አይፈራም። ሲያልበው ወይም ውሃ ሲነካው ብቻ ጥቂት ይለቅና የነካውን ሁሉ ያትምበታል። የበር እጀታ ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ ላይ፣ የሰው ትከሻ ላይ የጣቱ አሻራ አይጠፋም።

የዚያ ገንዳ ሥራ አንድ ሕግ ነበረው። ክሩ በቀለሙ ውስጥ እያለ መማሰያው ዘንግ አይቆምም፤ ከቆመ ቀለሙ ይዥጎረጎራል፣ የቀኑ ልፋት ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ሲደክመው ሌላው ከጎኑ ይቆምና ዘንጉን እየዞረ እያለ ይይዘዋል፤ የመጀመሪያው እጁን የሚለቀው የሁለተኛው እጅ ከጸና በኋላ ነው። «ተቀበለኝ» ይላል የደከመው። «ይዣለሁ» ይላል ተቀባዩ። ከዚህ በቀር ወሬ የለም። ጋሽ ባልዲ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ከቀለም አስቀድሞ የሚያስተምረው ይህችን ነበር።

እሑድ እሑድ ደግሞ የፋብሪካው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ውሃ አቀባይ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ኩራት ግን ሞልቶታል። በተጠባባቂዎቹ ወንበር አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይ ራሱ የመታው አንድ ትልቅ ምስማር አለ፤ ባልዲው የሚንጠለጠለው እዚያ ነው። ተጫዋች በወደቀች ቁጥር የዳኛው ፊሽካ ድምፅ ሳይበርድ እጁ ምስማሩ ላይ ነው። ግራ ትከሻውን አስቀድሞ፣ እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሮጣል፤ ባልዲው ጠብታ አያፈስም። ከደረሰ በኋላ ግን አይሳሳም፦ በራስ ላይ፣ በማጅራት፣ በአንገትጌ ውስጥ ወደ ደረት።

«ውሃ ያላስነሣውን ሐኪምም አያስነሣው» ይል ነበር።

እውነትም ይነሡ ነበር። አስመስለው የወደቁት ሲመጣ ገና በሩቁ አይተው ይነሣሉ። አንድ ጊዜ የመሃል ዳኛው ተንሸራትቶ ቢወድቅ ጋሽ ባልዲ ሳያጣራ ባልዲውን ገለበጠበት፤ ዳኛው ተነሥቶ በንዴት ፊሽካውን ሲነፋ ፊሽካው ድምፅ ሳይሆን ውሃ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ «ጋሽ ባልዲ ሲመጣ ሬሳ ይሮጣል!» እያለ ይስቅ ነበር። እኔ በዚያ ዘመን በፋብሪካው የጽሕፈት ሥራ ነበረኝ፤ እሑድ ደግሞ የመስመር ዳኛ ነበርሁና ሳቁን ሁሉ ከቅርብ ሰምቼዋለሁ።

በቡድኑ ውስጥ ድንቢጥ የምንላት አንዲት ልጅ ነበረች። ቀጭን፣ እግሯ መሬት የማይነካ፣ በክንፍ በኩል የምትሮጥ። እናቷ በፋብሪካው በር ዳቦ ትሸጣለች። አባቷ ጤነኛ ጎልማሳ ሳለ፣ የሚሄድ አውቶቡስ ሊይዝ ሲሮጥ በድንገት ወድቆ እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ ዳቦ ሻጯ ልጇ ወደ ሜዳ እንዳትደርስ ብዙ ጊዜ ከልክላታለች። የማለደላት ጋሽ ባልዲ ነው። እኔ ዳቦ ልገዛ ቆሜ ነበርና ንግግራቸውን ሰምቻለሁ።

«ልጅቱ እኮ ወፍ ናት» አላት። «ወፍ ይዘሽ ሣጥን ውስጥ ልታኖሪ ነው?»

«ወፍም ብትሆን የኔ ወፍ ናት። የሮጠውን አይቻለሁ።»

«ያ አውቶቡስ ነበር፤ ይህ ኳስ ነው።»

«ለልብ ምን ለየለት? ሩጫ ሩጫ ነው።»

«ብትወድቅ እኔ እዚያው ነኝ አይደል እንዴ! ስንቱን አንሥቻለሁ። እኔ እያለሁ ምንም አትሆንም።»

ዳቦ ሻጯ ጨርቁን በዳቦው ላይ መልሳ አየችው። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ጋሽ ባልዲ። ልብ በል።»

«ልብ ብያለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ድንቢጥ ማሊያ ለበሰች።

በዚያው ዓመት ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ አዲስ ነርስ መጣች። ድምፅዋ ቀጭን፣ ሐሳቧ ግን ድርቅ ያለ ነበር። ጤነኛ የሚመስሉ ወጣት ስፖርተኞች ማንም ሳይነካቸው በሜዳ ላይ ወድቀው ልባቸው እንደሚቆም፣ ያን ጊዜ የሚያድናቸው በአጠገባቸው ያለ ሰውና መሣሪያ እንጂ በሩቅ ያለ ሆስፒታል እንዳልሆነ ለሥራ አስኪያጁ ነጋ ጠባ ትነግረው ጀመር። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጌታዬ» ትለዋለች። በመጨረሻ ሰለቸውና ገዛላት። ዲፊብሪሌተር ይባላል አለችን። ምላሳችን እንቢ ስላለ «ሣጥኑ» አልነው። ቢጫ ነው፤ ከምሳ ዕቃ ብዙም አይበልጥም።

ትምህርቱን የሰጠችን በክሊኒኩ ወለል ላይ ነው፤ እግርና እጅ የሌለው የጎማ አሻንጉሊት አጋድማ።

«ልብ ሲቆም ብዙ ጊዜ በአንዴ ጸጥ አይልም» አለች። «መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ይንቀጠቀጣል እንጂ ደም አይገፋም።»

«እንደ ሁለተኛው ሞተራችን!» አለ አንዱ ከኋላ። «ይጮኻል እንጂ አይዞርም!»

«በትክክል» አለች፤ እሷም ሳቀች። «ይህ መሣሪያ መንቀጥቀጡን ያስቆመዋል፤ ከዚያ ልቡ በሥርዓቱ እንዲነሣ ዕድል ያገኛል። እስከዚያው ደረቱን አጥብቀን እየገፋን እኛ ልብ እንሆንለታለን። ማቋረጥ የለም። ሁለቱ ተለጣፊዎች አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚህ፤ በባዶ ቆዳ ላይ።»

ጋሽ ባልዲ ሰማያዊ ጣቱን አነሣ። «ውሃውስ መቼ ነው?»

«ውሃ የለም፣ ጋሼ።»

«ጥቂት? ፊት ላይ ብቻ?»

«ጠብታም። ደረት እርጥብ ከሆነ ተለጣፊው አይዝም፤ ኃይሉም ወደ ልብ መግባቱን ትቶ በእርጥቡ ላይ ይሄዳል። ውሃ ካለ አስቀድመን እናደርቃለን።»

ክሊኒኩ በሳቅ ተናጋ። «ጋሽ ባልዲ ጡረታ ወጣ!» አለ አንዱ። «ባልዲውን ለሙዚየም!» አለ ሌላው። እሱ አልሳቀም። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

የባሰው በሚቀጥለው እሑድ መጣ። ሜዳ ሲደርስ ቢጫው ሣጥን በምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባልዲው ከምሰሶው ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ማነው ይህን ያደረገ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች ነርሷ።

«በዓለም ላይ ሌላ ምስማር ጠፋ? መዶሻ አጥተሽ ከሆነ ላውስሽ?»

«ምስማርስ ሞልቷል። ነገር ግን ሰው ሲወድቅ እጅዎ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። እርስዎ ቆመው ሲያስቡ አይቼ አላውቅም፤ እጅዎ ነው የሚቀድምዎት። እጅዎ በሚሄድበት ላይ ሰቀልኩት።»

«እንግዲህ ከእጄ ጋር ተማክራችሁ ጨርሳችኋላ!» ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ሣጥኑን ግን አላወረደውም። ለምን እንዳላወረደው ኋላ ጠይቄው «የሴት ልጅ ነገር ነው፤ ብትቀየመኝ ክኒን አትሰጠኝም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በልምምድ ቀን አንድ ነገር ሆነ፤ እኛ ያን ጊዜ አላወቅነውም። ድንቢጥ ብቻዋን በመስመሩ ዳር ስትሮጥ እንደ ተቆረጠ ሸንበቆ ወደቀች። ጋሽ ባልዲ በቦታው ነበር። ባልዲውን ሙሉ ደፋባት። ወዲያው ዓይኗን ገለጠች፤ «ልታሰምጠኝ ነው እንዴ፣ ጋሼ!» ብላ ውሃውን ተፋችበትና ተሳሳቁ። ለእሱ እንደ ሌላው ሁሉ አንድ መውደቅ፣ አንድ መነሣት ነበር። ሆዱ ግን «ይኸውና ውሃ!» ብሎ በነርሷ ላይ ኮርቷል።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።

ቀጥሎ የነበረው እሑድ ከእንግዳ ቡድን ጋር የምንጋጠምበት ነው። ሜዳው ዳር እስከ ዳር በሰው ተከቧል። ፀሐይዋ ትፋጃለች፤ የመስመሩ ኖራ ዓይን ይወጋል። እኔ ባንዲራዬን ይዤ በተጠባባቂዎቹ ወንበር በኩል ባለው መስመር ላይ ነበርሁ። ከዕረፍት በኋላ ጨዋታው እንደ ተጀመረ ጋሽ ባልዲ ከነርሷ ጎን ተቀምጦ ነገር ሲፈልግ ሰማሁት።

«ሲስተር፣ ያ ቢጫ ነገርሽ እስካሁን ስንት ሰው አስነሣ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ማንም አልወደቀም።»

«የኔ ባልዲ ግን በዚህ ሳምንት እንኳ አንድ አስነሥቷል። ድንቢጥን።»

«ተጋጭታ ነው?»

«ምን ትጋጫለች! ብቻዋን ስትሮጥ ክንብል አለች። ራሷን አታውቅም ነበር። ደፋሁባት፣ ብድግ!»

ነርሷ ወደ እሱ ዞረች። ፊቷን አላየሁትም፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ሆኖ ወጣ።

«እየሮጠች? ራሷ ሳይዞርባት፣ ሳትታመም፣ እንዲሁ?»

«እንዲሁ።»

«ጋሼ፣ አባቷ በምን ነው የሞተው?»

ጋሽ ባልዲ አፉን ከፈተ። ከአፉ ሊወጣ የነበረው ቀልድ ወደ ኋላው ሲመለስ ታየኝ። «እየሮጠ» አለ ቀስ ብሎ።

«ውሃው አይደለም ያስነሣት። ያን ቀን ልቧ በራሱ ተመልሶላት ነው» አለች ነርሷ፤ ተነሥታ ወደ አሰልጣኙ ሮጠች።

አሰልጣኛችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ጮኾ ካልተናገረ የተናገረ አይመስለውም። ነርሷ በጆሮው ስትነግረው ግን ሲጮኽ አልሰማሁም። ወዲያው ተጠባባቂዋን አስነሣ፤ መሃል ዳኛውም ከሩቅ በእጁ «ኳሱ ሲወጣ» ብሎ አመለከተ።

«አሁን አስቁሙት!» አለች ነርሷ።

«ኳሱ ይውጣ፣ ሲስተር! ዳኛው አይቶናል፣ ኳሱ ይውጣ ብቻ!» አሰልጣኙ ወደ ሜዳው ዞረ። «ድንቢጥ! ነይ ውጪ! ድንቢጥ!»

ድንቢጥ ሰማችው። እጇን ወደ ላይ አነሣች፤ «አንዴ ቆይ» እንደ ማለት።

ኳሱ ግን አልወጣም። ከእግር እግር፣ ከራስ ራስ ይሄዳል። ወደ ማዶው መስመር ደርሶ ይመለሳል፤ ወደ ጎሉ ይሄድና ግብ ጠባቂዋ ትይዘዋለች፣ መልሳ ትጥለዋለች። በሕይወቴ አንድ ኳስ እንዲወጣ እንዲያ ጸልዬ አላውቅም። ጋሽ ባልዲ ቆሟል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኑ ከልጅቱ አይነቀልም። ነርሷ በመስመሩ ላይ ሆና እጆቿን ታወናጭፋለች፤ ተመልካቹ ቡድኑን የምታበረታታ መስሎት ያጨበጭብላታል።

ከዚያ ኳሱ ወደ እኔ መጣ። እየተንከባለለ፣ እየዘገየ፣ በቀጥታ ወደ ኖራው። ባንዲራዬን ላነሣ ክንዴን አዘጋጀሁ። «ውጣ፣ ውጣ» አልሁት። ኖራውን ነካ። ግማሽ አካሉ አለፈ።

ድንቢጥ ከየት መጣች ሳትባል በእግሯ ጫፍ መለሰችው። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። በአጠገቤ ስታልፍ ትንፋሿን ሰማሁት፤ ፈገግ ብላለች። ኳሱን እየነዳች ጥቂት ራቀች። ከዚያም ኳሱ ብቻውን ሄደ።

እሷ በፊቷ ወደቀች። እጇን ለመከላከል እንኳ አልዘረጋችም።

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ጋሽ ባልዲ አስቀድሞ ተነሥቷል። እጁ ወደ ምስማሩ ሄደ፣ ማንጠልጠያ ጨበጠ፣ እግሩ ሮጠ፤ ግራ ትከሻው ፊት፣ በጎኑ፣ እንደ ሸርጣን። ተመልካቹም እንደ ልማዱ ሳቀ።

«ጋሽ ባልዲ! ባልዲህን ረሳህ!»

«ምሳህን ነው የያዝከው!»

እውነትም ከግማሽ መንገድ እጁን ተመለከተ። ቢጫ ሣጥን ነው። ቆመ። ወደ ምሰሶው ዞረ፤ ወደ ልጅቱ ዞረ። የሕይወቱ ሙሉ ልማድ በአንድ በኩል ይጎትተዋል፤ ሳቁም ከዚያው ጋር ይጎትተዋል።

«ሣጥኑን!» ብላ ነርሷ ጮኸች፤ እሷ ደርሳ ልጅቱን በጀርባዋ አንጋልላ ተንበርክካለች። «ጋሼ፣ ሣጥኑን ይዘው ይምጡ!»

ሮጠ። ነገር ግን ባልዲውን ያልረሳ ሰው ነበር። ግንቧ የምንላት ግዙፍ ተከላካያችን ነች፤ ከጋሽ ባልዲ ስንት ዓመት ያየችውን ለማድረግ ባልዲውን ከምሰሶው ሥር አንሥታ ከፊቱ ቀድማለች።

«አታፍስሺ!» አለ ጋሽ ባልዲ። ይህን ቃል ከአፉ የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነው። «አታፍስሺ ልጄ፣ አታፍስሺ!»

ደፋችው። በራስ፣ በማጅራት፣ በአንገትጌ ውስጥ ወደ ደረት። እንዳስተማራት።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ድንቢጥ በኩሬ ውስጥ ተንጋልላለች፤ ከንፈሯ ገርጥቷል። በድንገት አፏን ከፍታ አንዴ ሳበች፣ እንደ ማንኮራፋት።

«ተነፈሰች!» አለች ግንቧ እያለቀሰች። «ተነፈሰች፣ ውሃው አስነሣት!»

«ይህ ትንፋሽ አይደለም» አለች ነርሷ። ሁለት እጆቿን ደራርባ የልጅቱን ደረት መሃል መግፋት ጀመረች። «አምቡላንስ ይጠራ! ጋሼ፣ ይክፈቱት! መቀሱን ያውጡ፣ ማሊያዋን ይቅደዱ!»

ሣጥኑ ተከፍቶ በሰው አንደበት ያወራ ጀመር፤ ቋንቋው የእኛ አልነበረም፤ ሥዕሉ ግን ግልጽ ነው። ጋሽ ባልዲ መቀሱን ይዞ እጁ ተንጠለጠለ። የሰው ልጅ ናት። እናቷ በሌለችበት፣ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ እያያት፣ ደረቷን ሊገልጥ ነው። ዙሪያውን ተመለከተ።

«ሴቶች!» አለ ጮኾ። «ክበቧት! ፊታችሁን ወደ ውጭ!»

የሁለቱም ቡድን ልጆች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው አጥር ሆኑ። ወንዶቹ ሳይነገራቸው ዞሩ። እኔም ዞርሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ያየሁት በልጆቹ ትከሻ መካከል ገልመጥ እያልሁና በጆሮዬ ነው።

መቀሱ ሲቀድ ተሰማ። ከዚያ የነርሷ ድምፅ፦ «እርጥብ ነው። አይዝም። ያድርቁ፣ ያድርቁ!»

ፎጣ የለም። የጋሽ ባልዲ ፎጣ ከባልዲው ጋር ረጥቧል። ኮቱን አውልቆ ጣለ፤ ሸሚዙን ቁልፉን ሳይፈታ ቀደደው፤ ያንን ባለ ሰማያዊ ነጠብጣብ የሥራ ሸሚዝ። ደረቷን ጠረገ፣ ብብቷን ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ፤ ነርሷ መግፋቷን አላቋረጠችም፤ እሱ በእጆቿ ዙሪያ ያደርቃል።

«አሁን! አንዱ ከላይ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ከብብቷ ሥር!»

«ያዘ» አለ። «ሁለተኛውም... ቆይ... ያዘ።»

ሣጥኑ አንድ ነገር ተናገረ። ነርሷ እጇን አነሣች። «ማንም እንዳይነካት! ጋሼ፣ እጇን ይልቀቁ!»

የልጅቱን እጅ ይዞ ነበር። መቼ እንደ ያዘ የሚያውቅ አይመስልም።

«ጋሼ፣ ይልቀቁ!»

«እኔ እያለሁ ብያለሁ እኮ...» አለ፤ ለማን እንደ ተናገረ አላውቅም። ለቀቀ።

ነርሷ ቁልፉን ተጫነች። የድንቢጥ ትከሻ አንዴ ከመሬት ዘለለ፣ ተመልሶ ወደቀ። ሌላ ምንም የለም። ከሜዳው ማዶ የተንከባለለውን ኳስ ያነሣው እንኳ የለም።

«አልነቃችም» አለች ግንቧ።

«ወዲያው ላትነቃ ትችላለች» አለች ነርሷ፤ መግፋት ጀመረች። ቀጭን ናት፤ ፀሐዩ ይፋጃል፤ ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል። እየገፋች እየገፋች ክንዷ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። የግፊቱ ጥልቀት እየቀነሰ ሄደ።

ጋሽ ባልዲ ያንን መንቀጥቀጥ ያውቀዋል። ከጎኗ ተንበረከከ፤ ሰማያዊ መዳፎቹን ደራርቦ በእጆቿ አጠገብ በአየር ላይ አዘጋጀ።

«ተቀበሉኝ» አለች ነርሷ። የገንዳውን ቋንቋ ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

«ይዣለሁ።»

እጇ ሲነሣ እጁ ገባ። ዘንግ አልቆመም። ወደ ታች፣ ልቀቅ፤ ወደ ታች፣ ልቀቅ። ነርሷ አንድ ጊዜ «ፍጥነቱ ደህና ነው፣ ጠለቅ ያድርጉት» አለችው፤ ጠለቅ አደረገው። አንድ ነገር ሲንቋቋ ሰማን። «አጥንቷ ነው!» አለ ደንግጦ። «አጥንት ይጠገናል፤ አያቁሙ!» አለችው። አላቆመም። ጀርባው ራቁት ነው፤ ላቡ በክንዶቹ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል።

ሣጥኑ እንደገና ተናገረ፤ ሁሉም እጁን አነሣ። ነርሷ የልጅቱን አንገት ዳሰሰች። ጣቷን እዚያው አቆይታ ዓይኗን ጨፈነች።

«አለ» አለች ነርሷ። «ይመታል።»

ጥቂት ቆይቶ ድንቢጥ አቃሰተች። እጇ ተንቀሳቅሶ በደረቷ ላይ ያለውን ተለጣፊ ሊነቅል ሞከረ። ጋሽ ባልዲ ያዘላት። «ተዉኝ» የሚል ድምፅ ከክበቡ ውስጥ ወጣ፤ እንደ ሕፃን የቀጠነ። ወደ ውጭ ዞረው ከነበሩት ልጆች ግማሾቹ ባሉበት ቁጭ አሉ።

አምቡላንሱ ነርሷንና ልጅቱን ይዞ ሄደ። ጋሽ ባልዲ ኮቱን በባዶ ገላው ላይ ለበሰና እስከ አንገቱ ቆለፈው። «እናቷ ከሌላ ሰው አትሰማም» አለ። ጉልበቱ ስላላስተማመነኝ እኔም ተከተልሁት።

ዳቦ ሻጯ ከሩቅ አየችን። ጨርቁን በዳቦው ላይ እየዘረጋች ነበር፤ እጇ ቆመ። ኮቱን አየች፣ ሁለት ባዶ እጆቹን አየች።

«ባልዲህስ?» አለች።

«ሜዳ ቀረ።»

«ወደቀች?»

«ወደቀች። አሁን ትተነፍሳለች። ሲስተር አብራት ናት። ተነሺ እንሂድ።»

ቆመች፤ ግን እግሯ አልተንቀሳቀሰም። «አንተ እያለህ?»

«እኔ እያለሁ» አለ። «ባለፈውም ወድቃ ነበር። በውሃ ያስነሣኋት መስሎኝ ለማንም አልነገርሁም። ላንቺም።»

በጥፊ ብትመታው አይፈረድባትም ነበር፤ እሱም ፊቱን አዘጋጅቶ የቆመ ይመስል ነበር። እሷ ግን ጨርቁን ከዳቦው ላይ ገፍፋ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ቀድማን ሄደች። ዳቦው ክፍት ቀረ።

በሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ድንቢጥ ዓይኗን ገልጣ፣ ሽቦ በሽቦ ሆና ተኝታ ነበር። ሐኪሙ በሽታው የልብ መሆኑን፣ ከአባቷ የወረሰችው ሳይሆን እንደማይቀር፣ ከእንግዲህ ሩጫ እንደማይታሰብ፣ ከቆዳዋ ሥር የልቧን ምት የሚጠብቅ ትንሽ መሣሪያ መቀበር እንዳለበት ለእናቷ ቀስ ብሎ ነገራት። «እዚህ ስትደርስ አብዛኛው ሥራ ሜዳው ላይ ተሠርቶ ነበር» አለ። አንዲት አስታማሚ በውሃ የራሰ ጨርቅ ይዛ የልጅቱን ደረት መጥረግ ጀመረች።

«ይህ ምንድን ነው? ሰማያዊ ነገር። ቀለም ይመስላል፤ አልለቅ ብሎናል።»

ዳቦ ሻጯ ጎንበስ ብላ አየች። በልጇ ደረት መሃል ላይ የሰው መዳፍ ታትሟል፤ ወፍራም፣ አጭር ጣቶች ያሉት። ዞር ብላ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ክንድ አየች። እሱ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ደበቀ።

«ተዪው» አለቻት አስታማሚዋን። «በራሱ ጊዜ ይልቀቅ።»

ድንቢጥ ከዚያ በኋላ ኳስ አልነካችም። ብዙ ጊዜም አኮረፈች፤ በተለይ «ነይ ውጪ» ሲሏት አለመውጣቷን ሲያነሡባት ትቆጣ ነበር። ጋሽ ባልዲ በሚቀጥለው እሑድ መዶሻውን ይዞ መጣና በምሰሶው በሌላው ጎን፣ ዝቅ አድርጎ፣ አዲስ ምስማር መታ፤ ባልዲውን እዚያ ሰቀለ። ሳቂታዎቹ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አየኋቸው፤ ግን የተናገረ አልነበረም።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ግንቧ ከበሩ በኩል በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች።

«ከድንቢጥ እናት ነው» አለችው። «ለባልዲው ሳይሆን ለእጁ ስጪልኝ ብላኛለች።»

ጋሽ ባልዲ ዳቦውን ተቀበለ። እጁ ረጥቦ ስለ ነበር ጨርቁ ላይ ሰማያዊ አተመበት። አየት አደረገው፤ ከዚያም እጁን በሱሪው ላይ ጠረገና፣ ደረቅ መሆኑን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ የቢጫውን ሣጥን ማንጠልጠያ ነካ ነካ አድርጎ ተቀመጠ።